ኦይስተሩ ተቆጠረ፤ ሰውየውስ?

መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ መድቦ መንገድ ቢሠራ ማንም «ለምን?» አይልም። ሆስፒታል ቢከፍትም እንደዚያው። ግን መንግሥት ተነስቶ «ከባሕር በታች ለሚኖር፣ እግር ለሌለው፣ ድምፅ ለሌለው፣ አንዴ ከተለጠፈበት ለማይነቃነቅ ፍጥረት ቤት ልሠራለት ነው፤ ለዚያውም በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር» ቢልስ? እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ አብዛኞቻችን «ኧረ ይሄ መንግሥት ሥራ ፈቷል!» ማለታችን አይቀርም።

የአሜሪካ መንግሥት ይህንኑ አድርጓል። ፍጥረቱ ኦይስተር ይባላል። ቦታው ደግሞ ከዋሽንግተን ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቀው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን በበጋ ወደ ኦሽን ሲቲ ሲነዳ በረጅሙ ድልድይ የሚሻገረው ውሃ እሱ ነው። ይህ ወገናችን ታክሲ ነድቶም፣ ሆስፒታል ሌሊት ሠርቶም፣ ምግብ ቤት ከፍቶም ከሚከፍለው ግብር ጥቂቷ ሳንቲም ወደዚያ ውሃ ወርዳለች። ስለዚህ «ምን አገባን?» የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያው እንዝጋው። ገንዘቡ የወጣበት ሰው ያገባዋል።

ወጌ ገንዘቡ ባከነ ለማለት አይደለም። አልባከነም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባሕር ለመጠገን የሚደረግ ምርምር በውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ፣ በውሃው ላይ ያለውን ሰው ሳይቆጥር ሲቀር ምን ይመጣል? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ለመሆኑ ኦይስተር ምንድን ነው? ሁለት ሻካራ ዛጎል እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ ገጥሞ በመካከሉ ለስላሳ ሥጋ የያዘ የባሕር እንስሳ ነው። ፈረንጁ ዛጎሉን በቢላ ይፈለቅቅና፣ ሎሚ ጠብ አድርጎበት፣ ጥሬውን ዋጥ ያደርገዋል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጡር አንበላም ብሎ ያደገው የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። (በአንድ እጁ ጥሬ ሥጋ፣ በሌላው ሚጥሚጣ ይዞ ፊቱን ማዞሩ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ነገር ግን ኦይስተር ሳህን ላይ ከመቅረቡ በፊት ሌላ ሥራ አለው። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ከተመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ እያስገባ ያጣራል። አንድ በርሜል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ደለሉንና አልጌውን አስቀርቶ ውሃውን ይለቀዋል። እርስ በርሱ እየተደራረበ የሚሠራው ክምር ደግሞ ለሸርጣኑም ለዓሣውም ጎጆ ነው። ባሕረ ሰላጤው አማካይ ጥልቀቱ 6.5 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከ6 ግዛቶችና ከዋና ከተማዋ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ይገባበታል። ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት መሬት ፍሳሽና ማዳበሪያ መጨረሻው እዚያ ነው። ማዳበሪያው አልጌውን ያፋፋዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በበጋ ታዲያ ዓሣ የማይተነፍስበት የሞተ ቀጠና ይፈጠራል። ኦይስተር የሚያስፈልገው እንግዲህ ለሳህን ብቻ አይደለም። የባሕሩ ኩላሊት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሮጀር ኒውል የሚባሉ ተመራማሪ በ1988 ባወጡት ግምት፣ ከ1870 በፊት የነበረው ኦይስተር የባሕረ ሰላጤውን ውሃ በሙሉ ለማጣራት ከ3 እስከ 6 ቀን ይበቃው ነበር። እሳቸው በጻፉበት ጊዜ የቀረው ኦይስተር ግን ያንኑ ሥራ ለመጨረስ 325 ቀን ይፈጅበታል ተባለ። ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው።

ማን አደከመው? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሆድ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሜሪላንድ ብቻዋን በአንድ የምርት ወቅት 15 ሚሊዮን ቡሽል ኦይስተር አውጥታለች። ቡሽል እንደ እኛ ቁና ያለ መስፈሪያ ነው፤ እሱ ግን ተለቅ ይላል። አጥማጆቹ በኦይስተር መሬት እየተጣሉ ጥይት ይተኳኮሱ ነበር። ግዛቲቱም በ1868 የኦይስተር የባሕር ፖሊስ እስከ ማቋቋም ደረሰች። በዚያ ዘመን ዊልያም ብሩክስ የሚባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ነበሩ። በ1882 ሜሪላንድ ባቋቋመችው የኦይስተር ኮሚሽን ውስጥ ተሰልፈው አጠኑ፤ በ1891ም መጽሐፍ አወጡ። «እንዲህ ከቀጠልን ያልቃል፤ እንደ ገበሬ እንዝራ እንጂ እንደ አዳኝ ብቻ አንሰብስብ» የሚል መንፈስ ያለው ምክር ነበር። ማን ሰምቶ! አበው «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

መከራውም መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለት በሽታዎች ገቡ። ሰውን አይነኩም፤ ኦይስተሩን ግን ይጨርሳሉ። በ2003 እና 2004 የምርት ወቅት ሜሪላንድ ያገኘችው 26 ሺህ ቡሽል ገደማ ብቻ ነበር። ከ15 ሚሊዮን ወደ 26 ሺህ! በዚያ ዘመን 500 ቡሽል በሚወጣበት ቦታ አንድ እንኳ አልተገኘም ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ጀርባ የተሸጠ ጀልባ አለ፤ የተዘጋ የዛጎል መፈልፈያ ቤት አለ፤ አያቱ ባሕር ላይ ያደጉለት፣ እሱ ግን ከተማ ወርዶ ግንበኛ የሆነ ወጣት አለ። ባሕር ሲሞት የሚሞተው ባሕር ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ መንግሥት በገንዘቡ የሚያስጠናው ጥናት ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኦይስተሩ ሲያልቅ «ከእስያ በሽታ የሚችል ሌላ ዝርያ እናምጣና እንልቀቀው» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለተቸገረ ሰው ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። የፌዴራሉ መንግሥትና ሁለቱ ግዛቶች ግን ዓመታት ፈጅተው አስጠኑና፣ በ2009 «አይሆንም፤ እንግዳውን አንለቅም፤ የራሳችንን እንጠግን» ብለው ወሰኑ። አንዴ ከተለቀቀ የማይመለስ ነገር ነውና። እንግዳ አረም ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እምቦጭን ያየ ኢትዮጵያዊ አስረጂ አያስፈልገውም። ያልተደረገ ስህተት ሪባን አይቆረጥለትም፤ ፎቶም አይነሳም። ቢሆንም ከምርምር ትልቁ ትርፍ አንዳንዴ ይኸው ነው።

በዚያው በ2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ቼሳፒክ እንዲጠገን ትእዛዝ ፈረሙ። በ2010 ሜሪላንድ ለኦይስተር ተስማሚ ከሆነው መሬቷ ሩብ ያህሉን ማጥመድ የተከለከለበት ጥብቅ ክልል አደረገችው፤ ከዚያ በፊት 9 በመቶ ብቻ ነበር። በ2014 ደግሞ ግዛቶቹና የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 2025 ድረስ በ10 ገባር ወንዞች ኦይስተሩን ለመመለስ ተፈራረሙ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሃሪስ ክሪክ በምትባል ጠባብ የባሕር ክንድ ውስጥ ከ2011 እስከ 2015 ተሠራ። 140 ሄክታር ገደማ የባሕር ወለል ነው። ከታች ድንጋይና ዛጎል ተነጠፈ። ዛጎሉ አልበቃ ብሎ ከፍሎሪዳ ድረስ የጥንት ዛጎል በባቡር ተጫነ። ሆርን ፖይንት በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የተፈለፈሉ፣ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሆኑ ጥቃቅን ኦይስተሮች ተዘሩበት። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ በየጊዜው እየወረዱ ቆጠሩ። ውጤቱ? ሁሉም ክምሮች ማለት ይቻላል የተቀመጠላቸውን ዝቅተኛ መለኪያ አልፈዋል። በሞዴል ሲሰላ ደግሞ እነዚህ ክምሮች በበጋ የሃሪስ ክሪክን ውሃ በሙሉ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ማጣራት ይችላሉ ተባለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ይጨበጨብ!

እኔም አጨበጭባለሁ። ግን እጄን ከማውረዴ በፊት መለኪያውን ልየው።

መለኪያው በ2011 የተጻፈ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቢያንስ 15 ኦይስተር ከተገኘ አለፈ ይባላል፤ 50 ከተገኘ ደግሞ ግቡን መታ። ስንት ዕድሜ ያላቸው እንዳሉ ይታያል፤ ክምሩ መስፋቱና መጥበቡ ይለካል። ሁሉም ትክክል፣ ሁሉም አስፈላጊ ነው። ግን በዚያ መለኪያ ውስጥ ሰው የለም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት አጥማጅ ቀረ? ስንት ቤተሰብ ከዚህ ውሃ ይበላል? ልጁ የአባቱን ጀልባ ተረከበ ወይስ ሸጠው? ይህ የስኬት መስፈርት አልሆነም። በኋላ፣ ክምሩ ከተሠራ በኋላ፣ የሞርጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክምሮቹ ሲጎለምሱ ለአካባቢው ኢኮኖሚ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያስገኙ እንደሚችሉ በሞዴል አሰሉ። ደግ ነው። ግን «የአካባቢው ኢኮኖሚ» ጀልባ አይነዳም፤ የነዳጅ ዕዳም የለበትም። ገንዘቡ የሚመጣው ነገ፣ እገዳው የመጣው ግን ዛሬ ነው።

እስቲ ነገሩን ከአጥማጁ በኩል እንየው። ከሃሪስ ክሪክ አፍ ላይ ቲልግማን የምትባል ደሴት አለች። ሰዎቿ ትውልድ ከትውልድ ውሃ ላይ ነው የሚኖሩት። እነዚህ ሰዎች ከሚሠሩበት ቦታ ጥሩ ጥሩው ተከለለ። የሚመኙት ዛጎልና ዘር ደግሞ እነሱ ወደማይገቡበት ክልል በጀልባ እየተጫነ ሲያልፍ ያያሉ። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ አንዳንድ ቦታ ከታቀደው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘና ጀልባ መታ። ሸርጣን የሚያጠምዱበት ረጅም ገመድ እየተጠመጠመ ተበጠሰ። ድንጋዩ በኋላ እንዲስተካከል ተደረገ። ጀልባው የተመታበት ሰው ግን በሪፖርቱ ውስጥ ያለው ስንት ገጽ ላይ ነው? ባለሙያው ኦይስተር ሲመለስ አየ፤ አጥማጁ እንጀራው ሲሄድ አየ። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው።

አጥማጁም ቢሆን መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። የብሩክስን ምክር አሻፈረኝ ያለው የሱው አያት ነው። ዛሬም «ጥብቅ ክልሉ ይከፈትልን» ሲባል፣ ከተከፈተ በስንት ወቅት ተጠርጎ እንደሚያልቅ የታሪክ መዝገቡ ይናገራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ክርክሬ «ሳይንሱ ይቅር፣ አጥማጁ እንዳሻው ይሁን» የሚል አይደለም። ክርክሬ አጥማጁን ሳይጨምር የተሠራ ሳይንስ ግማሽ ሳይንስ ነው የሚል ነው። ሰው የሌለበት ባሕር ቢኖር ኖሮ በሰው ገንዘብ መጠገን ባላስፈለገውም።

ግማሽ ሳይንስ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሃሪስ ክሪክ ካለቀ በኋላ ሥራው ትሬድ አቨን ወደሚባለው ወንዝ ሲሸጋገር አጥማጆቹ ለአዲሱ አገረ ገዥ ለላሪ ሆገን አቤት አሉ። በ2016 መጀመሪያ ግዛቲቱ «ቁሙ» አለች። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ሥራውን አቆሙ፤ ለዚያ ወንዝ የተያዘው ገንዘብም ወደ ሌላ ሄደ። ሥራው የተመለሰው በ2017 ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድም ስህተት አልተገኘም፤ ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ኦይስተሩም አልሞተም። ያቆመው በመለኪያው ውስጥ ያልነበረው ሰው ነው። ያልተቆጠረ ሰው አይጠፋም፤ ቀን ጠብቆ ራሱ መጥቶ ይቆጠራል።

ታዲያ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበር። ሩቅም አልነበረም፤ እዚያው ውሃ ላይ ነው የተሞከረው። ከ2016 እስከ 2018 በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ «ኦይስተር ፊውቸርስ» የሚባል ጥናት ተካሄደ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች፣ በኤልዛቤት ኖርዝ መሪነት፣ አጥማጁን፣ ኦይስተር አርቢውን፣ የተፈጥሮ ተቆርቋሪውንና የመንግሥት ባለሙያውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «እኛ አጥንተን እንንገራችሁ» አላሉም። «ምን እንዲሰላ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አጥማጁ «እዚህ ቦታ ዘር ቢጣል፣ እዚያ ቢከፈት ምን ይሆናል?» ይላል፤ ሞዴሉ ያሰላል፤ ውጤቱ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል። ሞዴሉ ውስጥ የኦይስተሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ምርቱም ገቢውም ገባ። አንድ ሐሳብ የሚያልፈው ቢያንስ 75 በመቶ ድጋፍ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ማንም ቡድን ብቻውን ሌላውን ረግጦ ማለፍ አይችልም።

ዓይን ለዓይን የማይተያዩ የሚመስሉት ሰዎች በመጨረሻ በ29 ምክረ ሐሳቦች ተስማሙ። ሃያ ዘጠኝ! እኛ በአንድ እድር ስብሰባ ላይ በድንኳን ቀለም ስንት ሰዓት እንደምንከራከር የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር አይንቀውም።

ይህ ጉባኤ ሁሉንም ነገር ፈታው ብዬ ልዋሽ አልችልም። ጠቡ ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሄዶ ቀጥሏል። በ2019 አምስቱን የተጠገኑ ጥብቅ ክልሎች በሕግ የሚያጸና አዋጅ ወጣ፤ አገረ ገዥው አልፈርምም አሉ፤ ምክር ቤቱ ሽሮ አጸደቀው። በ2020 ደግሞ የኦይስተር አስተዳደር ዕቅድ ባለድርሻዎቹ በ75 በመቶ ስምምነት የሚመክሩበት እንዲሆን የሚያዝ ሌላ ሕግ ጸና። እሱም እንደ ፊተኛው በአገረ ገዥው ውድቅ ተደርጎ፣ በምክር ቤቱ የተመለሰ ነው። ያቺ 75 በመቶ ከየት እንደመጣች አስተዋላችሁ? ከጠረጴዛው ነው። ምርምሩ ኦይስተር ብቻ አላፈራም፤ የመነጋገሪያ ሥርዓትም አፈራ። ለሰው ሕይወት ከዚህ በላይ የሚተርፍ የምርምር ውጤት ካለ ንገሩኝ።

በ2022 እና 2023 የምርት ወቅት ሜሪላንድ 720 ሺህ ቡሽል ያህል አወጣች፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያልታየ ነው። ወዲያው ሁሉም ወገን «በእኔ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ የመራቢያ ዓመታት መከታተላቸው ትልቁን ድርሻ ይዟል። ተፈጥሮ የማንም ፓርቲ አባል አይደለችም። ግን በመልካም ዓመት የሚራባ ወላጅ ኦይስተር በውሃው ውስጥ መቆየት ነበረበት፤ የሚለጠፍበት ዛጎልም መኖር ነበረበት። ዝናቡ ሲዘንብ የሚጠቀመው ማሳ ያለው ነው።

ወደ ደቡብ ወረድ ብንል ሌላ ትምህርት አለ። በቨርጂኒያ የአትላንቲክ ዳርቻ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ውሃዎች በ1930ዎቹ በሽታና ማዕበል ተባብረው የባሕር ሣሩን አጠፉት። ሣሩ ሲጠፋ ስካሎፕ የሚባለው ሌላው ባለዛጎል አብሮት ጠፋ፤ በሱ የሚተዳደረውም ሰው ሥራውን አጣ። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ከ1999 ጀምረው፣ ከመንግሥት በተገኘ ድጋፍ ጭምር፣ ከ70 ሚሊዮን በላይ የሣር ዘር በተኑ። የተዘራው 200 ሄክታር ገደማ ነበር፤ በ2020 ያወጡት ጽሑፍ እንደሚለው ሣሩ በራሱ እየተስፋፋ ከ3,600 ሄክታር አልፏል። በዓለም ላይ በዚህ መጠን የተሳካ የባሕር ሣር ጥገና የለም ይባላል። ዘሩን ከውሃ ውስጥ እየለቀመ የሰበሰበው ማን ይመስላችኋል? ተመራማሪው ብቻ አይደለም፤ በየጸደዩ በፈቃዱ እየመጣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ተራ ሰውም ነው። አንድ ሰው በእጁ የሰበሰበውን ዘር «የነሱ ፕሮጀክት» አይለውም።

ይህን ሁሉ አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲት 2025 የውቅያኖሱን ጉዳይ ከሚይዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከኖአ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተባረሩ። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ የመሥሪያ ቤቱን በጀት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመቀነስና የምርምር ክንፉን ጨርሶ ለመዝጋት ጠየቀ። የመወሰን ሥልጣኑ የኮንግረስ ነው፤ ሐሳብ ሕግ አይደለም። ግን መጥረቢያው መነሳቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። መጥረቢያው ሲነሳ «ተው!» የሚለው ማነው?

ሳይንቲስቱ ይጮኻል። ግን የሳይንቲስት ጩኸት ደመወዙን የሚያስከብር ሰው ጩኸት ተደርጎ ይወሰዳል። የሚሰማው የአጥማጁ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ በዚያ ውሃ ልጁን የሚያስዋኘው ግብር ከፋይ ጩኸት ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚጮኸው ምርምሩ ውስጥ ራሱን ካየ ነው። «በአንድ ካሬ ሜትር 50 ኦይስተር ደርሰናል» የሚል ሪፖርት ለሱ ምኑ ነው? አስተዋዩ ተመራማሪ ገንዘብ በሞላበት ዘመን ሰውን ወደ ጠረጴዛው ይጠራል፤ ገንዘቡ በነጠፈ ዘመን የሚቆምለት እንዲያገኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ ለእኛም የሩቅ አይደለም። ጣና ላይ እምቦጩ በ2011 ከታየ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተደረገ፤ ስንት ማሽን ገባ። በየጊዜው የሚነገረን ግን በአብዛኛው «ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ» የሚል ነው። ጀልባው በአረም የተከበበበት ዓሣ አስጋሪ፣ ከብቱን ውሃ የሚያጠጣበት ያጣው ገበሬ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ አረሙን በእጁ የነቀለው ጎልማሳ በዚያ ሄክታር ውስጥ የት ነው ያለው? ስለ ሐይቁ ከማንም የበለጠ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለጉልበቱ ነው እንጂ ለዕውቀቱ አይደለም።

እንግዲህ መንግሥት ገንዘብ መድቦ ውሃ የሚያስጠግን ከሆነ፣ ቼሳፒክም ይሁን ጣና፣ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የስኬት መለኪያው ሲጻፍ በውሃው የሚተዳደረው ሰው ኑሮ አንድ መስመር ይሰጠው፤ በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ገጽ። ሁለተኛ፣ ትርፉ የሚመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ዛሬ የሚከለከለው ሰው እስከዚያው ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ከድንጋዩና ከዛጎሉ ወጪ ጋር አብሮ በጀት ይያዝለት። ሦስተኛ፣ ሞዴሉ ከመሠራቱ በፊት «ምን እንዲሰላላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ይባል። ይህች ጥያቄ ዋጋዋ ከአንድ ጀልባ ድንጋይ አይበልጥም።

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል። ዓሣን መመለስ ደግሞ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። ዓሣ የሚመለሰው ለሰው ነው፤ የጨረሰውም ሰው ነው፤ ነገ የሚጠብቀውም ሰው ነው። የቼሳፒክ ባለሙያዎች ከጭቃ ውስጥ ኦይስተር አንድ በአንድ አንስተው መቁጠር ችለዋል። ይህን የቻለ ሰው ፊት ለፊቱ ጀልባ ላይ የቆመውን ሰው መቁጠር አያቅተውም። ቀና ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።